ጌጥና ፍች፦ የመስኮት ቅርጽ ደንብን ስለ ማጽዳት የቀረበ ትችት

በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚታየው ሁሉ፣ ማለት አዝራሩ፣ የጽሑፍ ሣጥኑ፣ አርእስቱና ዝርዝሩ፣ ቀለሙንና መጠኑን የሚያገኘው ተለይቶ ከተጻፈ ደንብ ነው። ይህን ደንብ የሙያው ሰዎች ስታይል ሺት ይሉታል፤ እኛ በዚህ ሐተታ የቅርጽ ደንብ እያልን እንጠራዋለን። ደንቡ እንደ ማናቸውም የሰው ሥራ ያረጃል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል፤ የማያስፈልገው ከሚያስፈልገው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በየጊዜው መጽዳት ይገባዋል። በዚህ ላይ የሚከራከር የለም፤ ክርክሩ የሚነሣው ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር በሚለው ነው።

በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ የምንሰማው አስተሳሰብ «ቅርጽ ጌጥ ነው፤ ጌጥ ቢቀነስ ፍሬው አይነካም» የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ስሕተት ይልቅ ያሳስታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከቅርጽ ደንብ ውስጥ አንዳንዱ ጌጥ ሲሆን አንዳንዱ ግን ፍች ተሸካሚ መሆኑን፣ ሁለቱን ሳይለይ የሚያጸዳ ሰውም ጽሑፉን ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል ማሳየት ነው። ማስረጃችንን ከሦስት ስፍራ እንወስዳለን፤ ይኸውም በምሥራቅ ጎጃም በብቸናና በሞጣ ከደረሰብን ነገር፣ ከብራና መጻሕፍት ሥርዓት፣ እንዲሁም ጂቲኬ ከተባለው የመስኮት መሥሪያ ታሪክ ነው።

፩. በገዛ እጃችን የደረሰ ጥፋት

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሊቃውንትን አገር አቋርጦ ያልፋል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም በዚሁ አውራጃ ይገኛሉ፤ በሞጣም የሞጣ ጊዮርጊስ ደብር አለ። እኛም ለጥናት በወጣንበት ጊዜ ከብቸና አቅራቢያ ባለ አንድ የቅኔ ጉባኤ ተቀምጠን፣ ተማሪዎቹ በየዕለቱ የሚቀኙትን ጉባኤ ቃና በየኔታ ፈቃድ ጻፍን። ከፊሉን በደብተር፣ ከፊሉን ደግሞ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን በተውሶ ኮምፒዩተር ላይ በቀጥታ ጻፍነው። በኋላም ሞጣ ደርሰን በአንድ ጽሕፈት ቤት ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ሰበሰብነው።

እዚህ ላይ የሥራውን ዘዴ መግለጽ ያስፈልጋል። የተጠቀምንበት ኮምፒዩተርም ሆነ ጽሕፈት ቤቱ የሚሠሩት ከዩኒኮድ በፊት በነበረው የአጻጻፍ ስልት ነበር፤ ይህ ስልት በብዙ ስፍራ ገና አልተተወም። በዚያ ስልት አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ በዚህ ላይ እንደ ቋ፣ ጓና ሏ ያሉት ዲቃሎች፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ይጨመራሉ። ከ256ቱም ስፍራ የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ስለ ሆነ ፊደሉ በአንድ ፎንት በቀላሉ አልገባ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ፊደሉን በራሱ ሐሳብ ደልድሎ በላቲን ፊደል ስፍራ ላይ አስቀመጠው፤ አንዳንዱም ለሁለት ፎንት አካፈለው። ማሽኑ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ሲሆን ሰው የሚያየው ግን አማርኛ ነው። አማርኛ የሚያደርገውም ፎንቱ፣ ማለት ቅርጹ ብቻ ነበር።

ወደ ኮሌጅ ተመልሰን ፋይሉን ስንከፍተው ሁለት ዓይነት ፎንት እየተቀያየረ፣ መጠኑም ከገጽ ገጽ እየተለያየ አገኘነው። ዝርክርክ መሰለን። ከእኛ አንዱ ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ወደ ዋናው ፎንት ለወጠው፤ መጠኑን አስተካከለና አስቀመጠው። ገጹ አማረ፤ አብዛኛውም ይነበባል። ጥፋቱን ያወቅነው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅኔዎቹን ለመፍታት በተቀመጥን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ፎንት ተጽፈው የነበሩት ሆሄያት ሁሉ በዋናው ፎንት በዚያው ቁጥር ላይ ወደ ተቀመጡት ወደ ሌሎች ሆሄያት ተለውጠዋል። ከጽሑፉ ውስጥ የትኛው ሆሄ ከፊተኛው፣ የትኛው ከሁለተኛው ፎንት እንደ መጣ የሚናገር ምስክር ደግሞ አልቀረም፤ ምስክሩ እኛው ያጠፋነው ቅርጽ ነበርና።

በተራ ደብዳቤ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንባቢ ከሐሳቡ ተነሥቶ የተሳሳተውን ሆሄ ሊገምት ይችላል። በቅኔ ግን ሰሙና ወርቁ በአንድ ሆሄ ላይ ሊንጠለጠል ስለሚችል ግምት አያዋጣም፤ ገማቹ ሳያውቀው ራሱ ባለቅኔ ይሆናል። በደብተር የነበረውን መለስነው። በቀጥታ በኮምፒዩተር የተጻፈውን ፍለጋ እንደገና ወደ ጉባኤው ብንሄድ የኔታ ጥቂቱን ከቃላቸው ነገሩን፤ ለቀረው ግን «ቅኔው የዚያ ዕለት ነው፤ የተቀኘውም ልጅ ወደ ሌላ ጉባኤ ተሻግሯል» አሉን። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የጽሕፈት ቤቱም አይደለም፤ የራሳችን ነው። የሠራነው ሥራ ስሙ ጽዳት ነበረ።

፪. የብራናው ሥርዓት

ይህ ነገር ከደረሰብን በኋላ የቀድሞ ጸሐፍት ቅርጽን እንዴት ይይዙት እንደ ነበር ለመመልከት ተገደድን። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ከፋቀ በኋላ ዳር ዳሩን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፤ ገጹንም አብዛኛውን ጊዜ በ2 ዓምድ፣ ታላላቆቹን መጻሕፍት አንዳንዴ በ3 ዓምድ ይከፍላል። ጽሑፉን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ የመጽሐፉን መጀመሪያ መስመሮች፣ የእመቤታችንንና የቅዱሱን ስም በቀይ ያደርጋል። በምዕራፉ ራስ ላይ ሐረግ ይሣላል። ይህ ሁሉ በዛሬ ቋንቋ የቅርጽ ደንብ ነው።

ደንቡን በጥንቃቄ ስንመረምረው ሦስት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን። የመጀመሪያው ጌጥ ነው፤ ሐረጉ ባይሣል መጽሐፉ ውበት ይጎድለው ይሆናል እንጂ ንባቡ አይጎድልም። ሁለተኛው መሪ ነው፤ ቀዩ ቀለም ባይኖር ቃሉ ይነበባል፣ ነገር ግን አንባቢው የት እንደሚጀምር ለማግኘት ይደክማል፣ ለስሙ የተሰጠውም ክብር ይጠፋል። ሦስተኛው ፍች ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ድጓ ነው። በድጓ ውስጥ ከንባቡ በላይ የዜማው ምልክቶች፣ ማለት ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረትና የመሳሰሉት፣ በደቃቅ ጽሕፈት ይቀመጣሉ። ስለዚህ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት ለማያውቅ ሰው ባዶ ብራና ይመስላል፤ ለሚያውቅ ግን የዜማው ማደሪያ ነው። ብራና ለመቆጠብ ብሎ መስመሩን የሚያጠጋጋ ጸሐፊ ቢኖር ቃሉን በሙሉ ጽፎ ዜማውን ያጠፋዋል።

እንግዲህ ጌጥ፣ መሪና ፍች ብለን የለየናቸውን ሦስት ክፍሎች ይዘን ወደ ዘመናዊው መስኮት እንመለስ።

፫. የጂቲኬ ጽዳት

ጂቲኬ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪዎች በነበሩት በስፔንሰር ኪምባልና በፒተር ማቲስ፣ ጊምፕ ለተባለው የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ሲባል የተጀመረ የመስኮት መሥሪያ ነው። ዛሬ ኖም የተባለው የሊኑክስ ገጽታ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጂቲኬ 2 ፓንጎ የተባለውን የጽሑፍ አደራጅ ይዞ በመምጣቱ ዩኒኮድን ተቀበለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አግኝቶ ስለ ነበር፣ በእኛ ላይ የደረሰው ዓይነት ጥፋት በዚህ መሥሪያ ላይ ቦታ አልነበረውም። ፎንት ቢለወጥ ሆሄው አይለወጥም።

የቅርጹ ጉዳይ ግን ገና የተደበላለቀ ነበር፤ ከፊሉ በደንብ ፋይል፣ ከፊሉ ኤንጂን በሚባል ተለይቶ በተሠራ ፕሮግራም ይወሰን ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጂቲኬ 3 ደንቡ ለዌብ ገጽ በታወቀው በሲኤስኤስ ሥርዓት እንዲጻፍ አደረገ። የደንቦቹም ቅድሚያ በቁጥር ተለየ፤ የገጽታው 200፣ የቅንብሩ 400፣ የፕሮግራሙ 600፣ የተጠቃሚው 800 ሲሆን ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይሽራል። አድዋይታ የተባለው ነባር ገጽታ ደግሞ ሳስ በተባለ ቋንቋ ይጻፍና ከዚያ ወደ ሲኤስኤስ ይገለበጣል፤ ማረም የሚፈልግ ሰው ምንጩን እንጂ ግልባጩን እንዳይነካ ታዟል። ይህን ትእዛዝ እናመሰግናለን። ግልባጭ ላይ የተደረገ እርማት በሚቀጥለው ግልበጣ ይጠፋልና፣ ቁም ጸሐፊም ቢሆን እናት መጽሐፉ ሳይታረም ቅጁን ቢያርም ስሕተቱ ከዚያው ምንጭ ደጋግሞ ይወለዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ጂቲኬ 3.20 ሲወጣ ሌላ ጽዳት ተደረገ። ቀድሞ በደንቡ ውስጥ በፕሮግራሙ ውስጣዊ ስም ጂቲኬበተን ይባል የነበረው አዝራር በአጭሩ በተን ተባለ፤ ሌሎቹም ዕቃዎች እንዲሁ አዲስ ስም አገኙ። አዲሱ ስም ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን አንክድም፤ የሠሪውን የውስጥ አደረጃጀት ከቅርጽ ጸሐፊው ሥራ ለይቶታልና። ነገር ግን በቀድሞው ስም የተጻፉት የሌሎች ሰዎች ደንቦች ከሥራ ውጭ ሆኑ። ከዚህም የሚከፋው አወዳደቃቸው ዝምተኛ መሆኑ ነው፤ በሲኤስኤስ ሥርዓት ስሙ የሌለ ዕቃን የሚያዝ ደንብ ስሕተት ተብሎ አይጮኽም፤ የሚታዘዘው ስለሌለ ብቻ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ዋጋውን የከፈለው ጽዳቱን ያደረገው ሳይሆን በሩቅ ሆኖ ገጽታ የሚሠራው ነው።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዳንድ የፕሮግራም ደራሲዎች ሥራቸውን የሌላ ሰው ገጽታ እንዳይደረብበት በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ፤ ባልሞከሩት ገጽታ ላይ አዝራራቸው ሲበላሽ ወቀሳው በእነርሱ ላይ ይመጣ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2020 ጂቲኬ 4፣ በ2021 መጨረሻም ሊብአድዋይታ ወጣ፤ የኖም መልክ ከመሥሪያው ወጥቶ በተለየ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠቃለለ። በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ጠቡ የተነሣው በአንድ የደንብ ፋይል ውስጥ ጌጡም፣ መሪውም፣ ፍቹም ተቀላቅሎ ስለ ኖረ ነው። የገጽታ ሠሪው ጌጥ የለወጠ እየመሰለው መሪውን ይነካል፤ ደራሲው መሪውን ለማዳን ሲል ጌጡንም ይከለክላል።

በጂቲኬ 4 ጽዳት ጊዜ የወጣ ሌላ ነገር አለ። በጂቲኬ 2ና 3 ውስጥ አማርኛን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ የሚያገለግል የራሱ መጻፊያ ነበረ፤ በ4 ውስጥ አልተቀጠለም። ምክንያቱን ስንመረምር ፍርዳችን ለዘብ ይላል፤ ይህን ሥራ ለሁሉም ፕሮግራም በአንድነት የሚሠራ እንደ አይባስ ያለ አገልግሎት ስላለ፣ መሥሪያው ውስጥ ድርብ ሆኖ መቀመጡ አያስፈልግም ነበር። ሆኖም ማሽኑን ከፍቶ የለመደውን መጻፊያ ያጣ ሰው የሚያውቀው አማርኛው መጥፋቱን ብቻ ነው። ዕቃን ከቤት ሲያወጡ ወዴት እንደ ተወሰደ ለባለቤቱ መንገር የጽዳቱ አንድ ክፍል ነው።

፬. የግዕዝ ፊደል በሌላው ደንብ ሥር

እስካሁን ያልነው ስለ አጽጂው ነው። ደንቡ ራሱ ለእኛ ፊደል የተስማማ ነውን? ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጉድለት እናገኛለን። ኖም እስከ 2025 መጀመሪያ የሚጠቀምበት ካንታሬልም ሆነ በዚያው ዓመት በእርሱ እግር የተተካው አድዋይታ ሳንስ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ስለዚህ አማርኛው ሲመጣ ሥርዓቱ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያሳያል። የተገኘው ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከሆነ ከቀጭን እስከ ደማቅ ብዙ ዓይነት ስላለው አይቸግርም። አቢሲኒካ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ያለው በመሆኑ፣ ደንቡ «አርእስት ይድመቅ» ሲል ማሽኑ ሆሄውን በግድ ያወፍረዋል።

በላቲን ፊደል ይህ ዓይንን ያስቀይም ይሆናል እንጂ ንባብን እምብዛም አይጎዳም። በእኛ ፊደል ግን ሣልሱን ከኃምሱ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት፤ ኒ እግሩ ላይ ጭረት፣ ኔ ቀለበት አለው። ቀለበቷ በውፍረት ስትደፈን «ቅኔ» «ቅኒ» ይመስላል። በላቲኑ ጌጥ ወይም መሪ የነበረው ደንብ በግዕዙ ፍችን ነካ ማለት ነው። እንዲሁም አርእስትን በትልልቅ ፊደል ብቻ ለመለየት የተጻፈ ደንብ ትልቅና ትንሽ በሌለው ፊደላችን ላይ ምንም አይሠራም፤ አርእስቱ ከተራው ጽሑፍ ጋር ይደባለቃል። ማዘንበልም ከላቲኑ ልማድ የመጣ ነው፤ የእኛ ጸሐፍት ቃልን ለይተው የሚያሳዩት በቀይ ቀለም እንደ ነበር ከላይ አይተናል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱን ለማቃናት አንድ ሰው ልዩ ደንብ ቢጨምር፣ ለምሳሌ ለአማርኛ አርእስት ማድመቅን ትቶ መጠንን ከፍ ቢያደርግ፣ ያ ደንብ አማርኛ ለማያነብ አጽጂ ትርፍ መስሎ ይታየዋል። በእርሱ ማያ ላይ ቢያወጣው ምንም አይለወጥምና ያወጣዋል። ጥፋቱም የሚታየው ምናልባት በሞጣ ወይም በብቸና ባለ አንድ ማያ ላይ ነው።

፭. የጥገና ፍርድ

ሞጣን ከዓባይ ማዶ ካለው የጎንደር ምድር ጋር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው ይባላል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ፤ ሰውም ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሮጌዎቹ ምሰሶዎች መካከል ብረት ተጋድሞ ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ በአካባቢው ተሠራ። ይህን የምናነሣው የጠጋኞቹን ድካም ለመንቀፍ አይደለም፤ ድልድዩ በቆመባቸው 3 ዓመታት ብዙ ሰው አሻግሯል። ይሁን እንጂ ስብራትን መድፈንና ጎርፉን ማሰብ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። በቅርጽ ደንብም በ200 ደረጃ ላይ ያለውን ስሕተት በ600፣ የ600ውን በ800 እየሻሩ መሄድ ስብራትን መድፈን ነው። ምክንያቱ ከሥሩ እስካልታየ ድረስ ቀጣዩ ለውጥ ሁሉንም ጠርጎ ይወስደዋል።

ስለዚህ በዚህ ኮሌጅ ፕሮግራም የሚሠሩም፣ ጽሑፍ የሚሰበስቡም ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እንዲያስቡ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ደንብ የሚጽፍ ሰው ከደንቡ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ምክንያት የሌለው ደንብ የሚከላከልለት ሰው የለውም። ሁለተኛ፣ ደንብ የሚያወጣ ሰው ጌጥ ነውን፣ መሪ ነውን፣ ፍች ነውን? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በአማርኛ ጽሑፍ፣ በትንሽ መጠንና በደማቅ አርእስት ላይ ይፈትን። ኒና ኔ ካልተለያዩ ጽዳቱ አልተሳካም። ሦስተኛ፣ የታረመው በሌላ ሰው ዓይን ሳይነበብ አሮጌው ቅጅ አይጣል። እኛ ይህን ሦስተኛውን ብንጠብቅ ኖሮ የቀሩት ሁለቱ ስሕተቶቻችን በተመለሱ ነበር።

የተበላሸውን ፋይል አልጣልነውም። ሆሄያቱን በግምት ከማቃናት ተቆጥበን፣ የተጠራጠርናቸውን ስፍራዎች ሁሉ በቀይ አስምረን ከደብተሩ ጋር አስቀምጠነዋል። ከአንባብያን መካከል በዚያ አውራጃ የቅኔ ጉባኤዎችን የሚጎበኝ ቢኖርና ያን ተማሪ ቢያገኘው ወይም ቅኔዎቹን በቃሉ የያዘ ሌላ ሰው ቢገጥመው፣ እያንዳንዱን ሆሄ ከአንደበቱ እየሰማ እንዲሞላልን ቅጁን ለመስጠት ዝግጁ ነን።